የጋላፊ ገላ

ስሙን ያወጣለት ለሜሳ ነው፣ የተሳቢው ሾፌር፣
ከጋላፊ ኬላ ጭኖት የመጣ፣ ከነጨው ከነአፈር።
«ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ» አለና፣ ጎማ አስነፍቶ ሄደ፤
ሳምንቱ ገና አላለቀም፣ ሦስት ክረምት ግን ነጎደ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ማዶ፣
ግማሽ በርሜል ውሃ፣ አንድ ክሪክ፣ የቀረው ሱቄ ባዶ።
የቆሰለ ከመነዳሪ በርሜሉ ውስጥ ሲጠልቅ፣
«እዚህ ጋ ነው የሚያመኝ» ይላል፣ አረፋ ሲፈነጥቅ።
የዚህ ውሻ ፍርሃት ግን በየት በኩል ይተነፍሳል?
ሳፋ ሲያይ ገና ከሩቅ፣ ሆዱ መሬት ይልሳል።

ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሰፈራችን የሚደርሰው ሌሊት፣
ወይዘሮ አያንቱ «ለሰው ያልበቃ ለውሻ?» ይሉኛል፤
እውነት አላቸው ምናልባት።
ግን ቁንጫው ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ደንበኛ ሲሻገር፣
ሳያጥቡት ውሻ ይዞ፣ እንዴት ይኖራል ከሰው ጋር?

መጀመሪያ በጉልበት ነበር፤ ከቆርቆሮው አጣብቄ፣
የላቫጆውን ቱቦ ተውሼ፣ እንደ ሌባ አንቄ።
አጠብኩት ልበል? እኔን አጠበኝ። ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ
ዞር ብል፣ እሱ የለም፤ አረፋ እንደለበሰ ጠፍቶ፤
የባጃጅ ሰልፍ አስቁሞ፣ በሰው በርበሬ ስጥ ላይ ሮጦ፣
ማታ ላይ መጣ፣ ነጭ አረፋውን በቀይ በርበሬ ለውጦ።

ሌሊቱን ሁለታችንም ስናስነጥስ አደርን።

ከዚያ ወዲያ ልጓም አበጀሁ፤ ለእሱ ሳይሆን ለእጄ።
የአዳማን ፀሐይ ማን አክሎት! ጀሪካን አሰጣሁ ደጄ።
እስከ ስድስት ሰዓት ውሃው የሕፃን ገላ ይሞቃል፤
ሳፋው ውስጥ ጆንያ አነጠፍኩ፤ እግር ሲያዳልጥ ልብ ይወድቃል።
በጣሳ፣ ከጣቱ ጀምሬ፣ እንደ ዶፍ ሳይሆን እንደ ጤዛ፣
ቁራሽ ዳቦ በግራ እጄ፣ ልቡን በጥቂቱ ልግዛ።

እሱ ግን ያው ነው።
እኔም አባብለዋለሁ፦ «እሽሽሽ፣ አይዞህ፣ እሽሽሽ የኔ ጌታ»፤
ባባበልኩት ቁጥር ይርዳል፣ እንደ አጥሬ ቆርቆሮ፣ ነፋስ ሲመታ።

የጎረቤት ልጅ ሲፈን፣ የፊት ጥርሷ ገና ያልበቀለ፣
ጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ሸንኮራ እየላጠች፣
«ጋሼ፣ እሽሽ አትበለው፤ አንተ ነህ የምታስፈራው» አለች።
«ጎማ ሲተነፍስ እሽሽ ይላል፤ ያኔም ሮጦ ይሸሻል፤
የዚያ ቀን ቱቦም እሽሽ ነበር። ያንተን በምን ይለያል?»

እጄ ከነጣሳው አየር ላይ ቀረ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀዳዳ ሳድን፣ ሳዳምጥ፣
ለካ የሚያፈሰው አፌ ኖሯል፣ አይዞህ እያለ ሲያስደነግጥ!

ዝም አልኩ። ቆየሁና፣ ከደረቴ ሥር፣ ወፍራም አድርጌ፣
«እምምም» አልኩ፤ እንደ ተሳቢ ሞተር፣
ቆሞ ሲያንጎራጉር በዳገት ግርጌ።
አንድ ጆሮው ተነሣ። ቆይቶ ሌላው። ጭራው ከሆዱ ሥር ወጣ፤
ምናልባት ያ ጋቢና ትዝ አለው፤
ከሞተሩ ጎን አንቀላፍቶ እንደመጣ።
እኔ እንጃ። ውሻ አይናገርም። ብቻ ትከሻው ቀለለ፣
ሳፋው ደፈረሰ፤ የሦስት ዓመት መንገድ በጀርባው ተንጠባጠበ፣ ኮለለ።
ሲፈንም እምምም፣ እኔም እምምም፤ አንድ መንገደኛ ቆሞ አየን፣
«ጎሚስታው ለየለት» ብሎ አለፈ። ይበል። ሳቅንና እምምም አልን።

ሲያበቃ ከሳፋው ወጣ፣ ቆመ፣ አሰበ፣ ራሱን አራገፈ፤
በእኔ ላይ፣ በሲፈን ሸንኮራ ላይ፣ በተደረደረው ጎማ፤
ከዚያ ሄደና ተንከባለለ፣ እንደ ልቡ፣
በአንቺው አቧራ፣ አዳማ።